እጅና ዓይን፤ በቤቱ ተቀምጦ ስለሚሠራ ሰው የሥራ ቦታ አጭር የታሪክ ጥናት

1. መግቢያ

የታሪክ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ማን ነገሠ፥ ማን ዘመተ፥ ማን ጻፈ ብሎ ነው እንጂ የጻፈው ሰው በምን ላይ ተቀምጦ ጻፈ ብሎ አይደለም። እኛም ይህን ጥናት እስክንጀምር ድረስ ጥያቄው ለታሪክ የሚበቃ አልመሰለንም ነበር። ወደ ነገሩ ያደረሰን የራሳችን ሕመም ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችንን በየቤታችን ስናዘጋጅ ከመካከላችን አንዱ አልጋው ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን በትራስ ላይ አድርጎ ይጽፍ ነበር፤ አንዷ ደግሞ በሳሎኑ አጭር ጠረጴዛ ላይ እንዳጎነበሰች ትውል ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስንገናኝ ስለ ጽሑፋችን ከመነጋገራችን በፊት ስለ አንገታችንና ስለ ወገባችን ተነጋገርን።

ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ አነሣን። ከእኛ በፊት በቤታቸው ተቀምጠው ሲጽፉና ሲሠሩ የኖሩት ሰዎች አካላቸውንና ሥራቸውን እንዴት አስማሙ? ነገሩን ስንከታተል ያገኘነው መልስ ባጭሩ የሚከተለው ነው። የጽሕፈት ሥራ ችግር ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ እጅ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል፥ ዓይን ግን ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ሁለቱን ባንድ ቦታ የሚያስር መሣሪያ ሁሉ አንገትን ያስጎነብሳል። የሰው ልጅ እጅንና ዓይንን ለመለየት ብዙ ሺህ ዓመት ፈጀበት፤ ከለያቸው በኋላም ብዙ ሳይቆይ መልሶ አጣመራቸው። ዛሬ በቤቱ የሚሠራው ሰው የሚታመመው ይህን ታሪክ ሳያውቅ ስለሚደግመው ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚሆንበት ጊዜ ለይተን እንጠቅሳለን።

2. የአጥንት ምስክርነት

በፓሪስ ከተማ በሉቭር ሙዚየም የሚገኝ አንድ የታወቀ የግብፅ ሐውልት አለ። በ1850 ዓ.ም. በሳቃራ የተገኘ ሲሆን የሚያሳየው አንድ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው እግሩን አጣጥፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ በጭኖቹ መካከል የተወጠረውን ሽርጥ እንደ ገበታ አድርጎ የፓፒረሱን ጥቅል በላዩ ዘርግቷል። ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ፊት ይመለከታል። ሐውልቱን የቀረጸው ሰው ጸሐፊውን ያሳየን ከመጻፉ በፊት ወይም ጽፎ ባረፈበት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ እየጻፈ ቢሆን ኖሮ ራሱ ወደ ጭኑ ባዘነበለ ነበር።

ሐውልቱ ያልነገረንን አጥንቱ ነግሮናል። ከካይሮ በስተ ደቡብ አቡሲር በተባለው ስፍራ ከመቃብር የወጡ የ69 ወንዶች አፅም ተመርምሮ ውጤቱ በ2024 ዓ.ም. ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። ሰዎቹ የኖሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2700 እስከ 2180 ባለው ዘመን ሲሆን ከእነርሱ 30ዎቹ ጸሐፊዎች ነበሩ። መርማሪዎቹ ጸሐፊዎቹን ከሌሎቹ ጋር ሲያስተያዩ በጸሐፊዎቹ አጥንት ላይ የመገጣጠሚያ መበላት በርክቶ አገኙ። የበረከተውም በአከርካሪ፥ ከአከርካሪም ይልቁን በአንገት፥ በቀኝ ትከሻ፥ በቀኝ አውራ ጣት፥ በጉልበትና በመንጋጋ ላይ ነው። የመንጋጋውን ምክንያት ሲገምቱም ጸሐፊዎቹ የሸምበቆ ብዕራቸውን ጫፍ እያኘኩ ያዘጋጁ ስለ ነበር ሊሆን ይችላል ብለዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። በጥንታዊት ግብፅ ጸሐፊነት የተከበረ ሥራ ነበር፤ የተማረ ሰው ከእርሻና ከድንጋይ ሥራ ድካም ይድናል ተብሎ ይታመን ነበር። ከፀሐይና ከሸክም ድኖ ይሆናል፤ ነገር ግን ተቀምጦ መሥራት የራሱ የሆነ ዋጋ አለው፥ ዋጋውም ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በአጥንት ላይ ይነበባል።

3. የአገራችን ጸሐፊና ሸማኔ

ወደ አገራችን ስንመለስ በቤት የሚሠራ ሰው አዲስ ፍጥረት አለመሆኑን እናገኛለን። የብራና መጽሐፍ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ ሥራውን የሚሠራው በቤቱ ደጅ፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ወይም ብርሃን በሚገኝበት ጥላ ሥር ነው። ቆዳው ተወጥሮ፥ ተፍቆና ደርቆ ብራና ከሆነ በኋላ ዳርና ዳሩ በወስፌ ይወጋል፥ መሥመሩም ይሰመራል። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም በቀንድ ተሞልቶ በቀኝ እጁ በኩል ከመሬት ይተከላል። ጸሐፊውም ከመሬት ወይም ከዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ብራናውን ከጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። ዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1981 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ አዘገጃጀት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ማሳተማቸው ይህ ጥበብ በታሪክ ዘንድ ምን ያህል ቦታ እንዳለው ያሳያል።

የዚህ ሥርዓት ጥቅሙ ግልጽ ነው። የቀለሙ ቀንድ እጅ በሚደርስበት ቦታ ስለ ተተከለ ጸሐፊው ወዲያና ወዲህ አይንጠራራም፤ ጉልበቱም ለብራናው ያጋደለ ገበታ ይሆንለታል። ጉዳቱም ግልጽ ነው። እጅ ባለበት ዓይን መውረድ አለበትና አንገት ቀኑን ሙሉ ደፍቶ ይውላል። በምዕራብ ኤውሮፓ ገዳማት የነበሩ ጸሐፊዎችም በመጻሕፍቱ መጨረሻና በኅዳጉ ላይ ስለ ዓይናቸው መፍዘዝና ስለ ጀርባቸው ሕመም ምሬታቸውን ጽፈው ትተዋል።

ይሁን እንጂ አባቶቻችን ለንባብ ሥራ ሌላ መፍትሔ ነበራቸው፤ እርሱም አትሮንስ ነው። አትሮንስ መጽሐፉን ከጭን አንሥቶ ወደ ዓይን ያቀርበዋል። አንባቢው ወደ መጽሐፉ አይወርድም፥ መጽሐፉ ወደ አንባቢው ይወጣል። እንደዚሁም ሊቃውንቱ ረጅሙን ማኅሌት ቆመው ሲያደርሱ የሚደገፉት መቋሚያ ለቆመ ሰው የተሠራ የዕረፍት መሣሪያ ነው። የሰውነትን ክብደት ከእግር ወደ ክንድ፥ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን እያዛወሩ ብዙ ሰዓት ለመቆም ያስችላል። ስለ ሥራና ስለ አካል መስማማት የሚያጠና የትምህርት ክፍል ሳይኖር እነዚህ ሁለት ዕቃዎች የአካልን ጠባይ በማስተዋል ተሠርተው ነበር።

ሌላው የቤት ሠራተኛ ሸማኔው ነው። ሸማኔ በቤቱ ውስጥ ወይም በደጁ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል፥ በእግሩም እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፥ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሽሮ ሜዳና በጉለሌ የሰፈሩት የዶርዜ ሸማኔዎች ይህን ዕቃ በየቤታቸው ተክለው ከተማውን አልብሰዋል። ከፍ ያለ ወንበር በሌለበት ቤት መሬቱን ዝቅ በማድረግ ለእግር ቦታ መስጠት ትልቅ ዘዴ ነው። ሸማኔው መቀመጫውን ከአካሉ ጋር ያስማማው ራሱ በቁመቱ ልክ ቆፍሮ ነው። ነገር ግን ጨርቁ ከደረቱ ዝቅ ብሎ ስለሚወጠር ጀርባው ጎብጦ መዋሉ አልቀረም።

4. ሐኪሙ ወደ ሥራ ቦታ ሲገባ

የሥራን ሕመም በሕክምና ትምህርት ውስጥ በሰፊው ያስገባው በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም ነው። ራማዚኒ በ1633 ተወልዶ በ1714 ዓ.ም. ሞተ። በሞዴና በኋላም በፓዱዋ አስተምሯል። ስለ ሠራተኞች ሕመም የጻፈው መጽሐፍ በ1700 ዓ.ም. በሞዴና ታተመ፤ በ1713 ዓ.ም. ተጨምሮበት በፓዱዋ እንደገና ሲወጣ ስለ ጸሐፊዎችና ስለ ውል አዋዋዮች አንድ ምዕራፍ ተጨመረበት።

ራማዚኒ የጸሐፊዎችን ሕመም ለሦስት ምክንያቶች ሰጠ። አንደኛው ሳይነሡ መቀመጥ ነው፤ ሁለተኛው የእጅ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴን ያለ ማቋረጥ መደጋገሙ ነው፤ ሦስተኛው ስሕተት እንዳይገባ አእምሮ የሚጠመድበት ጭንቀት ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር ፊት የሚውል ሰው ይህን ሲያነብ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ አይመስለውም። ሐኪሙ የሚያውቀውን የአንድ ውል ጸሐፊ ታሪክም ይተርካል። ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ ሲጽፍ ኖሮ በመጀመሪያ ቀኝ ክንዱ ደከመበት፥ ቀጥሎም ፈጽሞ አልታዘዝ አለው። ግራ እጁን አስተምሮ በግራው መጻፍ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ያው በሽታ ግራ እጁን ያዘው። ከዚህ የምንማረው ሕመሙ በእጁ ሳይሆን በሥራው አኳኋን ውስጥ እንደ ነበረ ነው። ሥራው ሳይለወጥ እጅ ቢለወጥ በሽታው ከሥራው ጋር ይከተላል።

በቤታቸው ሲሠሩ ከኖሩት መካከል የሥራ ቦታውን እንደ አካሉ ካስተካከለው ሰው አንዱ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ነው። ዳርዊን ከ1842 ዓ.ም. ጀምሮ በ1882 እስኪሞት ድረስ ዳውን በተባለው መንደር በቤቱ ተቀምጦ ሠራ፤ በ1859 የታተመውን ታላቅ መጽሐፉንም የጻፈው በዚያው ነው። ጤናው ደካማ ነበርና ወንበሩን ከፍ አድርጎ መንኰራኵር አስገባበት፥ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሳይቸገር ይንቀሳቀስ ነበር። የሚጽፈውም በወንበሩ ክንዶች ላይ አግድም በተጋደመ ጣውላ ላይ ነበር። ዳርዊን ግን የራሱ ቤት፥ የራሱ ገንዘብና የራሱ ጊዜ የነበረው ሰው መሆኑን መርሳት አይገባም። ወንበሩን ለመለወጥ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። በደመወዝ የሚኖረው ጸሐፊ ይህ ዕድል አልነበረውም።

5. መሥሪያ ቤቱና የጽሕፈት መኪናው

በ19ኛው መቶ ዓመት የጽሕፈት ሥራ ከቤት ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤት ገባ። ባንኩ፥ የባቡር ኩባንያውና ፖስታ ቤቱ ጸሐፊዎችን በአንድ አዳራሽ ሰበሰቡ። ከዚህ ጋር የጸሐፊው ሕመም የግል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአደባባይ ክርክር ሆነ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቴሌግራፍ ሠራተኞች ታሪክ ነው። የሞርስ መምቻውን ቀኑን ሙሉ ሲመቱ የሚውሉት የእንግሊዝ ቴሌግራፍ ሠራተኞች እጃቸው ይኮማተር ጀመር። በ1906 ዓ.ም. በወጣው የሠራተኞች ካሣ ሕግ መሠረት ይህ ሕመም በ1908 ዓ.ም. ካሣ ከሚከፈልባቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ይሁን እንጂ ጉዳዩን እንዲመረምር የተሾመው ኮሚቴ በ1911 ዓ.ም. ባቀረበው ዘገባ ምክንያቱን ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹን ለተደጋገመው የሥራ ድካም፥ ግማሹን ደግሞ ለሠራተኛው የነርቭ ድካም ሰጠ። ሠራተኛው ሲታመም ጥፋቱን ከራሱ ጠባይ መፈለግ ያን ጊዜ የታየ፥ ዛሬም ያልጠፋ ልማድ ነው።

የጽሕፈት መኪና በአሜሪካ በሬሚንግተን ፋብሪካ ተሠርቶ በ1874 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ይህ መሣሪያ በእጅና በዓይን ታሪክ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር አመጣ። በ1888 ዓ.ም. በሲንሲናቲ ከተማ በተደረገ ውድድር ፍራንክ መክገሪን የተባለ ጸሐፊ ፊደሎቹን ሳያይ በአሥሩም ጣቶቹ በመምታት ተወዳዳሪውን አሸነፈ። እጅ ያለ ዓይን መሥራት እንደሚችል በዚያ ቀን በሕዝብ ፊት ታየ። ከዚያ ወዲህ ዓይን ከእጅ ጋር ወደ ታች እንዲወርድ የሚያስገድደው ምክንያት በከፊል ቀረ። ብዕር የያዘ ሰው የብዕሩን ጫፍ ማየት ግድ ነው፤ መኪና የሚመታ ሰው ግን የሚገለብጠውን ጽሑፍ ከፊቱ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ማየት ይችላል።

በአገራችን ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራታቸው ይታወሳሉ። የገጠማቸው ችግር ከሁለት መቶ የሚበልጠውን ፊደላችንን በጥቂት መምቻዎች ላይ ማዋል ነበር። የፊደሉን አካልና ምልክቱን ለየብቻ በመምታት እንዲገጣጠሙ ማድረግ የተፈለገው ለዚህ ነው። ዛሬም በኮምፒዩተር አማርኛ የሚጽፍ ሰው አንዱን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት መምቻ ይመታል። ስለዚህ የአማርኛ ጸሐፊ እጁን የሚያሳርፍበትን ቦታ ቸል ማለት አይገባውም።

6. ዕውቀቱ ስም ሲያገኝ

ሥራን ከሠራተኛው አካልና ጠባይ ጋር የማስማማት ዕውቀት ዛሬ ኤርጎኖሚክስ ይባላል። ስሙን በመጀመሪያ ያወጣው ፖላንዳዊው የተፈጥሮ ሊቅ ቮይቼክ ያስትሼምቦቭስኪ ሲሆን ዘመኑ 1857 ዓ.ም. ነው፤ ሥራና ሕግ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጠመው። ቃሉ ተረስቶ ቆይቶ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1949 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር እንደገና ተነሣ፤ በዚያው ዓመት የዕውቀቱ ማኅበር ተመሠረተ። ጦርነቱ ያስተማረው ትምህርት ነበረ። የአውሮፕላን መሣሪያ ለአብራሪው እጅና ዓይን በማይመች ቦታ ሲቀመጥ የሠለጠነ ሰውም ይሳሳታል። ሰውን ለመሣሪያ ከማሠልጠን መሣሪያውን ለሰው ማስተካከል እንደሚሻል ታመነ።

ከዚህ በኋላ ምርመራው በዛ። ስዊድናዊው ሐኪም ቤንግት ኦከርብሎም በ1948 ዓ.ም. ስለ አቋቋምና ስለ አቀማመጥ ባሳተመው ጥናት የወንበር መደገፊያ ወገብን መያዝ እንዳለበት አስረዳ። ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ በ1953 ዓ.ም. ላንሰት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ደግሞ የለንደንን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች የተመለከተ ነው። ተቀምጠው የሚውሉት ሾፌሮች ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ በሽታ ይጠቁ ነበር። ሁለቱ ሠራተኞች የሚሠሩት በአንድ አውቶቡስ ነው፤ ዋናው የሥራቸው ልዩነት መቀመጥና መንቀሳቀስ ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት ስዊድናዊው አልፍ ናከምሶን በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ግፊት በመርፌ ለክቶ ያለ ድጋፍ የተቀመጠ ሰው ከቆመ ሰው ይልቅ ወገቡ እንደሚጫነው ገለጠ። በ1999 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኡልም በአንድ ፈቃደኛ ሰው ላይ የተደረገ ልክ ግን ዘና ብሎ የተቀመጠ ሰው ግፊት ከቆመው እንደማይበልጥ አሳየ። ሁለቱን ስናስተያይ የምንደርስበት ሐሳብ አንድ ነው። ለሁሉ ጊዜ የሚሆን አንድ ትክክለኛ አቀማመጥ የለም፤ የሚጎዳው አቀማመጡ ብቻ ሳይሆን አለመለወጡ ነው።

ኮምፒዩተር በየመሥሪያ ቤቱ ከገባ በኋላ የኤውሮፓ ማኅበረሰብ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ስለ ስክሪን ሥራ መመሪያ ቁጥር 90/270 አወጣ። መመሪያው የወንበሩ ቁመትና መደገፊያው እንዲስተካከል፥ እግር ማሳረፊያ ለሚፈልግ ሁሉ እንዲሰጥ፥ የሠራተኛው ዓይን እንዲመረመር ያዝዛል። ለእኛ ጥናት ከሁሉ የሚበልጠው ቃሉ ግን ኪቦርዱ ከስክሪኑ የተለየ ይሁን የሚለው ነው። እነሆ ከአቡሲር ጸሐፊ ጀምሮ ታስረው የኖሩት እጅና ዓይን በሕግ ተለያዩ፤ ለእጅ ዝቅ ያለ፥ ለዓይን ከፍ ያለ ቦታ ተሰጠ።

ሆኖም መፍትሔው ሲጻፍ መፍትሔውን የሚሽረው ዕቃ ቀድሞ ተወልዶ ነበር። እንደ መጽሐፍ የሚታጠፈው ግሪድ ኮምፓስ የተባለው ኮምፒዩተር በ1982 ዓ.ም. ቀርቧል። ታጣፊው ኮምፒዩተር ስክሪኑንና ኪቦርዱን በማጠፊያ አስሮ አንድ አደረጋቸው። መመሪያውም በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ የማይሠራባቸውን ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ከትእዛዙ ውጭ አድርጎ ነበር።

7. ሥራው ወደ ቤት ሲመለስ

በ1973 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጃክ ናይልስ ሠራተኛው ወደ ሥራ ከሚጓዝ ሥራው በስልክ መሥመር ወደ ሠራተኛው ቢጓዝ ይሻላል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ ለብዙ ዓመታት በጥቂቶች ዘንድ ብቻ ሲሠራበት ቆየ። በ2020 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው በቤቱ እንዲሠራ ተገደደ። በአገራችንም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፥ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞችም ከቤታቸው እንዲሠሩ ተነገራቸው።

በዚህ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት የሄደው ላፕቶፑ ነው። ወንበሩ፥ ጠረጴዛውና እግር ማሳረፊያው ከመሥሪያ ቤቱ ቀሩ። የመቶ ዓመት ክርክርና ምርመራ ውጤት የሆኑት ዕቃዎች በባዶ ቢሮ ተቆልፎባቸው ሠራተኛው ከምግብ ጠረጴዛ፥ ከአልጋ ጠርዝና ከሶፋ ላይ ተቀመጠ። በራማዚኒ ዘመን እንደ ነበረው ሁሉ ሕመሙ እንደገና የግል ጉዳይ ሆነ።

ወንበሩን ማን ይግዛ የሚለው ጥያቄ ሕግ ያልነካው አይደለም። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1996 ዓ.ም. ያወጣው የቤት ሥራ ስምምነት ቁጥር 177 የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ሕግ በቤት ለሚሠራውም እንዲጸና ይደነግጋል፤ ያጸደቁት አገሮች ግን ጥቂት ናቸው። ስፔን በ2020 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ አሠሪው ለርቀት ሠራተኛው የሥራ መሣሪያውን እንዲያቀርብ አዘዘች። በአገራችንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377፥ በእርሱም ፈንታ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛው በቤቱ ወይም በመረጠው ስፍራ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ለደመወዝ የሚሠራውን ሥራ እንደ ሥራ ውል ይቈጥሩታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በቤቱ የሚሠራው ሰው ሠራተኛ መሆኑ ታውቋልና። የሚቀረው በቤቱ ያለው መቀመጫም የሥራ መሣሪያ መሆኑን ማወቅ ነው።

8. ከታሪኩ የምናገኘው ሥርዓት

ታሪክ ለተግባር ካልጠቀመ ብዙ ዋጋ የለውምና ከዚህ የተማርነውን በቤታችን ሞክረነዋል። ውድ ወንበር ለመግዛት አቅም ስላልነበረን በቤት ባለው ዕቃ ነው የሠራነው።

መጀመሪያ እጅንና ዓይንን መለየት ያስፈልጋል። ላፕቶፑን በወፍራም መጻሕፍት ወይም አናጢ በሠራው አትሮንስ መሰል ማቆሚያ ላይ አስቀምጦ የስክሪኑን የላይኛውን ጠርዝ ከዓይን ጋር ትክክል ወይም ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው። ርቀቱ ክንድ ተዘርግቶ የሚደርስበት ያህል ይሁን። ከዚያ በኋላ ኪቦርድና ማውስ ለብቻ ገዝቶ በጠረጴዛው ላይ ማኖር ይገባል። ከገዛናቸው ነገሮች ሁሉ ለዋጋው የጠቀመን ይህ ነው።

ሁለተኛው የክርን ነገር ነው። ትከሻ ሳይነሣ ክርን ከጎን ሲውል ክንድ ከጠረጴዛው ጋር መተካከል አለበት። በገበያ የሚገኘው ጠረጴዛ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 75 ሴንቲሜትር ነውና አጠር ላለ ሰው ከፍ ይላል። ጠረጴዛውን መቍረጥ ካልተቻለ መቀመጫውን በትራስ ከፍ ማድረግ ነው፤ እግር ከመሬት ሲነሣም ከሥሩ ሣጥን ወይም ዱካ ማኖር ነው። ሸማኔው ለእግሩ መሬቱን ዝቅ አደረገ፤ እኛ ደግሞ መሬቱን ከፍ እናደርጋለን፥ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። የወገቡን ጎድጓዳ ቦታ በተጠቀለለ ጋቢ መሙላት ይቻላል።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። ቁም ጸሐፊው ለብርሃን ብሎ ደጅ እንደ ወጣ ሁሉ መስኮቱን ከጎን ማድረግ ይገባል፤ ከፊት ሲሆን ዓይን ይወጋል፥ ከኋላ ሲሆን በስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል።

አራተኛውና ዋናው መነሣት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ መቆም፥ ሻይ ማፍላት፥ ስልክ ሲመጣ እየተራመዱ መነጋገር ጥሩ ልማድ ነው። ባለ መቋሚያው ሊቅ ክብደቱን እንደሚያዛውር ሁሉ አቋምን መለዋወጥ ከማናቸውም ወንበር ይበልጣል።

9. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው ጽሕፈት ቀላል ሥራ ሆኖ አያውቅም። የጥንቱ ጸሐፊ የሚጽፈውን ነገር ከጭኑ ማንሣት አይችልም ነበር፤ ብዕሩ ስላልፈቀደለት አጎነበሰ። እኛ ግን የምናጎነብሰው መሣሪያው ስለሚያስገድደን ሳይሆን ባገኘነው ቦታ ስለምንቀመጥ ነው። ጥፋቱም የእኛ ብቻ አይደለም። ሥራን ወደ ሠራተኛው ቤት የሚልክ አሠሪ ሁሉ ከሥራው ጋር መቀመጫውንም መላክ አለበት፤ ተማሪውን ከቤትህ ጻፍ የሚል የትምህርት ቤት ደግሞ ቢያንስ እንዴት ተቀምጦ እንደሚጽፍ ሊያስተምረው ይገባል።

በመጨረሻም ለባልንጀሮቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በየአጥቢያው ዛሬም ብራና የሚጽፉ አባቶችና በየቤታቸው የሚሸምኑ ሠራተኞች አሉ። ለዕረፍት ወደ አገር ስትሄዱ የጻፉትንና የሸመኑትን ብቻ ሳይሆን እንዴት ተቀምጠው እንደሠሩት፥ የትኛው አካላቸው እንደሚያማቸው፥ ምን ዘዴ እንዳበጁለት ጠይቃችሁ መዝግቡ። ራማዚኒ ሐኪም ሁሉ በሽተኛውን ሥራህ ምንድር ነው ብሎ እንዲጠይቅ መክሮ ነበር። የታሪክ ተማሪም ከዚያው ጋር በምን ላይ ተቀምጠህ ትሠራለህ ብሎ ቢጠይቅ መጽሐፍ ያልያዘውን ብዙ ነገር ያገኛል ብለን እናምናለን።